ቤት የሌላት ባለ ጽዋ

አርብ፣ ጥቅምት 23። ምሽት።
ሸሚዞቹ ተተኩሰዋል። የአሠሪዬ የማዳም ሐስና ልጆች እራት ላይ ናቸው። ደብተሬ፣ ዛሬ ጉድ ሆኛለሁ!

የማርያም ማኅበር ነበረን (አርብ ነው የምናርፈው፣ ከ21 ወደ ዛሬ ገፋነው)፣ እትዬ ዘነበች ቤት። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ እዚሁ ጅቡቲ ተወልደው ግቢ ያላቸው። ሲያልቅ ጽዋውን ለብርቱካን አቀብዪ አሉኝ። የሚቀጥለው ወር ደጋሽ እሷ ናት። እኔ ጅሏ እንደ ልማዴ ተሳለምኩት። በኛ ማኅበር ደግሞ የተሳለመ ተረከበ ነው። እልልታው ቀለጠ! አገር ምድሩ መረቀኝ። እኔ ግን ጋቦዴ ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው የማድረው። አንድ አልጋ፣ አንድ ሻንጣ። ማኅበርተኛውን የት ላስቀምጠው? አልጋው ላይ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 26።
እትዬ ዘነበች ጋ ደወልኩ። ልመልስ አልኩ። ጽዋ አይመለስም አሉ። ቤት የለኝም አልኩ። እመቤታችንስ ስትወልድ ቤት ነበራት ወይ ብለው ዘጉት። ምን ይባላል! ተናድጄ ሩዙን አሳረርኩ።

አርብ፣ ጥቅምት 30። ከቤ/ክ መልስ።
ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። በስህተት ነው አባ፣ አልኩ። ሳቁ። እግዚአብሔር ሲጠራ ለተጠራው ሁልጊዜ ስህተት ይመስለዋል አሉ። እሺ ማለት ያንቺ፣ ቤቱ የእሱ። እምቢ ካልሽም ወደቡ ቅርብ ነው፣ እንደ ዮናስ መርከብ ፈልጊ!

እኔና መርከብ! ስቄ ስቄ ሞትኩ። እሺ ብዬ ተባርኬ ወጣሁ።

አሁን ግን ፈርቻለሁ። ማዳም ደግ ናት፤ ቤቱ ግን የእስላም ቤት ነው። የጎረቤት ሠራተኛ እንግዳ አስገባሽ ተብላ በዕለቱ ተባራለች። እኔም ብባረር ሥራዬም ማደሪያዬም አብረው ይሄዳሉ። እሺ ያልኩት ግን ለእግዚአብሔር ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4።
ማዳምን ጠየቅኳት! ዓሣ እያጸዳሁ። ፈረንሳይኛው ጠፋብኝ፣ በሶማልኛ ጨረስኩት። ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት የማዳም እናት ቀደሟት። ልጅቷ ለፈጣሪ ቃል ከገባች አንቺ ማን ነሽና ታፈርሺዋለሽ አሏት። ማዳም ግቢውን ፈቀደች። የሚያሰክር ነገር ግን አይገባም። ጠላ ቀረ፤ ቀሪቦ አለልን!

ክፍሌ ገብቼ፣ አፌን በትራስ አፍኜ እልል አልኩ።

አርብ፣ ኅዳር 21። 11 ሰዓት።
ሁሉም ሄዱ። ጾም ነው፤ ሽሮና ዳቦ ብቻ። ዳቦው እንዴት አምሮበት! የማዳም እናት ቀሪቦ አስደግመው ጠጡ። ዛሬ በሰው ግቢ ባለቤት ነበርኩ። ደስ ብሎኛል፣ በቃ።

ግን ስሚኝ ደብተሬ። ጽዋው ብርቱካን ጋ ሲደርስ እጇን ደበቀች። ባልባላ ሰፈር የተከራየቻትን ክፍል አስለቅቀዋት ከጓደኛ ተዳብላለች። ቤት የለኝም አለች፣ አቀርቅራ። አፌ ቀደመኝ። ተሳለሚው አንቺ፣ እዚሁ እንደግሳለን አልኩ። እያለቀሰች ተሳለመችው። እልልታ!

ማዳምን አልጠየቅኳትማ! ይኸው ሳሎን ሆና ስልክ እያወራች ነው። የተረፈችውን ቀሪቦ ቀድቻለሁ። ስልኩን ስትዘጋ እገባለሁ። ዛሬም ፈርቻለሁ፣ ግን ያን ያህልም አይደለ— ዘጋችው።