ከውሃ ታንከሩ ሥር ስለታሰረችው ፊያት

ለተከበሩ ጓድ ገብረወልድ፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣
ባሉበት፣ በተለይም ጥላው ሥር ባለው ወንበርዎ ላይ፤

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? በእንግዶቹ አቀባበል ቀን ያን ያህል ቆመው ሲናገሩ ሕመሙ እንዳይነሳብዎ በጣም ሰግቼ ነበር፤ እኛ ቆመን የሰማነው እንኳ ወገብ የሚባል ነገር እንዳለን ያወቅነው ያን ዕለት ነው። እኔ ደህና ነኝ፣ ልጄ ወርቅቱም ደህና ናት፤ ደህና ያልሆነችው በግቢዎ የታሰረችው ፊያታችን ብቻ ናት።

ይህን ደብዳቤ በቀበሌው የሂስ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። «ሂስ ያለው በሰሌዳው ላይ ይለጥፍ፤ ጓዳ ገብቶ የሚያጉረመርም አድኃሪ ነው» ብለው በስብሰባ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። እኔ ደግሞ አድኃሪ መባል አልፈልግም፤ መነኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ለከፈተች ሴት እንዲህ ያለ ስም ለገበያ አይሆንም። ፊደል የለየሁት ሽንኩርት ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ስለሆነ አጻጻፌ ሽንኩርት ሽንኩርት ቢል፣ ዓይንዎንም ቢያቃጥል፣ ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ባጭሩ ላስረዳ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና አሰላ ውስጥ መኪና ያለው ሁሉ አጥቦ መንገድ ዳር እንዲሰለፍ ታዘዘ። የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ከቆላው ከኦጎልቾ በኩል በቦቴ የመጣ ውሃ በቀበሌው ታንከር ተሞላ። ያ ውሃ ሻይ ቢያፈሉበት ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጥላል። በዚያ አጠብን። እንዳንወለውል መወልወያ ጨርቁ ሁሉ ለመፈክር ተወስዷል። መኪኖቹ እንደረጠቡ ፀሐይ ላይ ቆሙ፣ እርስዎም ንግግርዎን ጀመሩ፣ ገና የንግግሩ መግቢያ ላይ እያሉ ውሃው ደረቀ። ሟቹ ባለቤቴ ገብረ መድህን እንደ ዓይኑ ብሌን የያዛት ጥቁር ሰማያዊ ፊያት ከጣሪያ እስከ ኮፈን ነጭ ነጠብጣብ ወርሷት ተገኘች።

ከእንግዶቹ አንዱ አየት አደረጋትና «ይቺን ደግሞ ፈንጣጣ ነው የያዛት?» ብሎ ሳቀ። ሕዝቡም ሳቀ። እርስዎ ብቻ አልሳቁም። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ትእዛዝ ወጣ፦ ነጠብጣብ የታየበት ማንኛውም ተሽከርካሪ፣ የማንም ይሁን የማን፣ መጽዳቱ በኮሚቴ እስኪረጋገጥ ድረስ ከቀበሌው ግቢ አይወጣም። ሌሎቹ ባለመኪኖች ይህን ሲሰሙ በየጓሯቸው ሣር ከምረው መኪናቸውን ደበቁ። እኔ ሞኟ፣ አምኜ ይዤ መጣሁ።

የፊታችን እሑድ ወርቅቱ ትዳራለች። ሙሽራው ነጋሳ የዲክሲስ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ስለ እሱ ቅሬታ የለኝም። ገብረ መድህን ግን ልጅቷ ገና ስትድህ ጀምሮ «አንቺን የምድርሽ በዚህች መኪና ነው፣ መሪውንም የምይዘው እኔ ነኝ» ይላት ነበር። እሱ መምጣት አይችልም። መኪናዋ ግን ትችል ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ መኪናዋን ስላሳረፉበት ቦታ አመሰግናለሁ። ያን ከሚያህል ግቢ ውስጥ መርጠው መርጠው ከታንከሩ ሥር አቆሟት፤ ታንከሩ ደግሞ እንደሚያውቁት ያፈሳል። ጠዋት ኮሚቴው ይፈትጋታል፣ ረፋዱ ላይ ታንከሩ ይንጠባጠብባታል፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ማታ ኮሚቴው ተሰብስቦ «አሁንም አልጸዳችም» ብሎ ይወስናል። ዘበኛውን ጋሼ ጅብሪልን «እባክዎ ትንሽ ገፋ ያድርጓት» ብላቸው ምን አሉኝ? «እትዬ ተሻለች፣ እኔ የታዘዝኩት መኪናዋን እንድጠብቅ ነው። ስለ ውሃው ያዘዘኝ የለም። ነገ ውሃውን ጠብቅ ካሉኝ ደግሞ እሱን እጠብቃለሁ።» እንዲህ ያለ ትእዛዝ አክባሪ ሠራተኛ ስላለዎት እንኳን ደስ አለዎት።

ሁለተኛ፣ ስላቋቋሙት የነጠብጣብ አስወጋጅ ኮሚቴ። ሊቀመንበር አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ጨርቅ ብቻ የለውም። መጀመሪያ ቀን ድስት መስላቸው በአሸዋና በአመድ ፈተጓት፤ ነጠብጣቡ እንዳለ ሆኖ ዙሪያው ተጫረ። ቀጥሎ ላምባ ቀቧት፤ ከአውድማ የመጣው ገለባ ሁሉ ተለጠፈባትና ጠጉር ያበቀለች መሰለች። በመጨረሻ ነገሩ የንቃት ጉድለት ነው ተባለና ውይይት ተከፈተ፦ ነጠብጣቡ ከየትኛው መደብ ነው? ከፊሉ «ከቆላ በቦቴ ተጭኖ የመጣ ስለሆነ ጭቁን ነው» አለ፤ ከፊሉ «ሥራ ሳይሠራ ቀለም ላይ ተንሰራፍቶ ስለሚኖር በዝባዥ ነው» አለ። ክርክሩ ሲከር ጸሐፊው «ለሁለቱም ወገን ጊዜ ይሰጥ» አሉ። ጊዜው ተሰጠ። ነጠብጣቡም በተሰጠው ጊዜ ቀለሙን በደንብ ነከሰ።

ሦስተኛ፣ አቼቶዬን በተመለከተ። ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ማንቆርቆሪያዬ ቅርፊት ሲይዝ የምፈታው በአቼቶ ነው፤ ምግብ ቤት ያላት ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፣ ምስጢር አይደለም። ሰላጣ ላይ የምናደርገውን አቼቶ ከንጹሕ የዝናብ ውሃ ጋር እኩል መደባለቅ፣ መኪናዋን ጥላ ውስጥ አስገብቶ ማቀዝቀዝ፣ በለስላሳ ጨርቅ ነጠብጣቡ ላይ ጥቂት ማቆየት፣ ሳይደርቅ ማጠብ፣ ወዲያው መወልወል። አለቀ። ይህን ላደርግ ጠርሙሴን ይዤ ብመጣ በር ላይ «ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ» ተብሎ ተያዘብኝና ለኮሚቴው ምርመራ ቀረበ። ኮሚቴው ሰላጣ አስመጣ። ቲማቲም አስከተፈ። ምርመራው እስከ ምሳ መጨረሻ ቆየ። ጠርሙሱ ባዶውን ሲመለስልኝ ገንዘብ ያዡ አፋቸውን እየጠረጉ «ጎጂ ሆኖ አላገኘነውም፣ ግን ጨው ይጎድለዋል» አሉኝ።

አራተኛውን ሦስተኛው ስላናደደኝ ረሳሁት። ሳስታውሰው በሌላ ወረቀት እለጥፋለሁ፤ ሰሌዳው ሰፊ ነው።

አምስተኛው ግን እንቅልፍ የነሳኝ ነው። ኮሚቴው ነጠብጣቡ ስላልለቀቀ ቅዳሜ መኪናዋን በሙሉ በኖራ ነጭ እንድትቀባ፣ ያን ጊዜ ነጠብጣቡና መኪናዋ አንድ ቀለም ስለሚሆኑ ችግሩ ከሥሩ እንደሚፈታ በእጅ ብልጫ ወስኗል አሉ። እርስዎም ሁለቱንም እጅዎን አውጥተዋል አሉ። ጓድ፣ እኔ ልጄን በኖራ በተለሰነ ነገር ውስጥ አስቀምጬ አልሸኝም። አባቷን ያስቀመጥነው እንደዚያ ባለው ውስጥ ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ ብዙ አይደለም። መኪናዋን ከታንከሩ ሥር ያውጡልኝ፣ ኖራውን ለግንብዎ ያድርጉት፣ አንድ ረፋድ ጥላ ይስጡኝ። ቀሪውን እኔና ጨርቄ እንጨርሰዋለን። ይህን ካደረጉልኝ በሰርጉ ላይ የክብር ወንበር አለዎት፤ ንግግር ግን አይኖርም፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል።

ወገብዎ ይጠና፣ ድምፅዎ አይዘጋ፣ ታንከርዎ ብቻ ይዘጋ እያልኩ፣ ገለባም ላምባም ካልነካው አብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣

ተሻለች ሀብተ ማርያም
የሟች ገብረ መድህን ባለቤት፣ የሙሽሪት እናት፣ የማንቆርቆሪያ አጣቢ

ማስታወሻ፦ ይህን ልለጥፍ ዛሬ ወደ ግቢው ብገባ አረንጓዴው ላንድሮቨርዎ ከፊያታችን ጎን ቆሞ አገኘሁት። ታንከሩ ለሥልጣን አያዳላም፤ ኮፈኑ በሙሉ ነጭ በነጭ ሆኗል። እኔ ለጋሼ ጅብሪል በጣቴ ጠቁሜ አሳየኋቸው። እሳቸውም ቀርበው አዩ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ትእዛዝ አነበቡ፣ «የማንም ይሁን የማን ይላል» አሉና የግቢውን በር ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ሰኞ ሲሬ ከተማ ላይ ንግግር እንዳለብዎ ስለማውቅ አዘንኩ። ከዲክሲስ ከሚመጡት አጃቢዎች አንዲት ለስላሳ በቅሎ ልለምንልዎ እችላለሁ፤ ለወገብ ግን እንጃ። ጓዳዬ ውስጥ ኮሚቴው ያልመረመረው ግማሽ ጠርሙስ አቼቶ አለ። ለሁለት መኪና በደንብ ይበቃል። ለአንድ መኪና ግን አልከፍተውም፤ ስከፍተውም ፊያቷ ትቀድማለች።