ሊፍት ውስጥ የተጎዘጎዘ ቄጠማ

ትንቢትዬ፣ እንዴት ነሽ? እኔ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ይህንንም የምጽፍልሽ ቆሜ ነው።

ከመሥሪያ ቤቴ ደብረ ማርቆስ የላኩኝ የአንድ አዲስ ሕንፃ ሊፍት እንድፈትሽ ነው። ስደርስ ምረቃ ላይ ናቸው። ከደስታቸው ብዛት ሊፍቱ ውስጥ ሳይቀር ቄጠማ ጎዝጉዘዋል! ቄጠማው በሩ የሚንሸራተትበት ቦይ ገብቶ በሩ አልዘጋ ሲል፣ አንዱ ዘመድ የበሩን መቆጣጠሪያ በሽቦ አገናኝቶ ሊፍቱ በሩ ክፍት እንዳለ እንዲሄድ አደረገው። የሕንፃውን ባለቤት እናት ሊያስገቡ ሲሉ ደርሼ የሊፍቱን ኤሌክትሪክ አጠፋሁት።

«እናቴን በደረጃ ላስወጣ ነው እንዴ ይህን ሁሉ የሠራሁት?» አሉ ባለቤቱ ጋሽ ታረቀኝ።

«በሩ ሳይዘጋ የሚሄድ ሊፍት ሰው ይጨርሳል ጋሼ» አልኩ። ክፍል ውስጥ እያዛጋን የተማርናት ደንብ እኮ ናት!

እናትየው እትዬ ዘሪቱ ግን «እኔስ ድሮም ሳጥኑን ፈርቼው ነበር» ብለው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በደረጃው ወጡ። የእኛ ሰፈር ሊፍት ቆሞ ስለሚከርም ማንም አይጣላበትም፤ እዚህ ግን ድግሱ ሁሉ በዓይኑ በላኝ።

ጋሽ ታረቀኝ አለቃዬ ዘንድ ደወሉ። ስልኩን ሲያቀብሉኝ፣ ሥራዬ ገና ሳይጀመር አለቀ አልኩ።

«የሰው ድግስ ታበላሻለሽ አሉ?» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሽቦው ወጥቶ እንደገና ሳትፈትሺው እንዳትፈርሚ» አለኝ።

የምጽፍበት ካርድ ሞላብኝ። እማዬንና ጌቱን ሳሚልኝ። አንድ ቀን ደንቡን ከሚጽፉት አንዷ እሆናለሁ፤ እስከዚያው ግን ያላየሁት ሊፍት ሁሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የኔአለም