ጭስ የሌለው ሲጋራና የልደት ቁርባን

ታኅሣሥ 3፣ ጧት 2 ሰዓት
ሳሉ ዛሬም አስነሣኝ። ደብተሬ፣ ሦስት ሲጋራ አጨስኩ። ከጓሮ፣ እንደ ሌባ፣ በገዛ ልጄ ቤት። አገሬ መካነ ብርሃን፣ ቤቴ ብሆን ማን ይናገረኝ ነበር? የንስሐ አባቴ ቁርጡን ነገሩኝ፤ ካልተውክ ለልደት አትቆርብም አሉ። ባልና ሚስት አብሮ ነው የሚቆርበው። ሚስቴ አሰገደች እኔን ስትጠብቅ ሳትቆርብ ሞተች። ቁርባኑ የቀረባት በእኔ ጭስ ነው። ይኸን ለማንም አላወራሁ።

ታኅሣሥ 6፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
አማቼ፣ የልጄ ባል፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራ አመጣ። እሳት የለው፣ ሽታ የለው፣ ፈሳሽ ነው የሚያሞቅ። ፈሳሹ ያለበትን ታንክ ይሉታል። ሁለት ዓይነት። ትንሿ የታሸገች፣ ስታልቅ የምትጣል፣ አሳሳቧ እንደ ሲጋራ ጠበብ ያለ። ሌላዋ መስታወት፣ ራስህ የምትሞላት፣ ጢሷ እንደ ደመና። ለጀማሪ ትንሿ ትሻላለች አያ፣ አለኝ። እኔን ጀማሪ! ከጎረምሳነቴ ያጨስኩትን። መስታወቷን ወሰድኩ።

ታኅሣሥ 7፣ ረፋድ
ፈሳሹ ጣፋጭ። እንጆሪ ነው አሉ። በጾም፣ ሳይቀደስ፣ ጣፋጭ ባፌ። ደፋሁት። ውኃ ሞላሁባት። የአባቴ ጋያም፣ ትምባሆ ማጨሻው፣ ከሥሩ ውኃ ነበረው። ሳብኩ። ተንጣጣ። የፈላው ምላሴንም ከንፈሬንም ላጠው። ምነው አባዬ ከንፈርህ? አለች ልጄ። ሾርባ አልኩ። በዚህ ሰዓት የምን ሾርባ፣ ብላ ሳቀች። አማቼ መስታወቷን ከፍቶ አየ። አያ፣ ዓሣ ሊያረቡባት ነው? አለኝ። ትንሿን ትቶልኝ ወጣ።

ታኅሣሥ 12፣ ከቅዳሴ መልስ
ትንሿን ከያዝኩ አራት ቀን። ሲጋራ አልነካሁም። ሸጋ ናት፤ ለአማቼ አልነገርኩም። የንስሐ አባቴ ጠጋ ብለው አሸተቱኝ። ተውክ? አሉኝ። ሲጋራውን ትቻለሁ አልኩ። ደስ አላቸው፣ ለልደት ተዘጋጅ አሉ። ትንሿ ኪሴ ውስጥ ከበደችኝ።

ታኅሣሥ 13፣ ከሰዓት
ማሸጊያውን ልጄ አነበበችልኝ። የፈረንጅ ፊደል ነው። ኒኮቲን አለው አባዬ፣ የትምባሆው ሱስ ያው ነው፣ ሳንባህም ገና አልዳነም አለች። ማንም አያውቅብኝም። ብቆርብ ደብሩ ሁሉ ያያል፣ ለቁርባን በቃ ይሉኛል። ግን አሰገደች ያጣችውን እኔ ሰርቄ ልቀበል? እህል አልገባልኝም።

ታኅሣሥ 14፣ ጧት 1 ሰዓት
መስታወቷን ለአማቼ መለስኩ። ልክ ነበርክ አልኩት። ሞት ነበር ይቺን ቃል ማለት። ከትንሿ ዓይነት ኒኮቲኑ ዝቅ ያለውን ፈልግልኝ፣ ቀጥሎ ከዚያም ያነሰውን፣ እስክተዋት አልኩት። አሁን በመሀረብ ጠቅልዬ ይዣታለሁ። ከንስሐ አባቴ ፊት አስቀምጣታለሁ፣ ሁሉን እናገራለሁ። ልደት ያልፈኛል። ይለፈኝ። ደወሉ ተደወለ፣ ጫማዬን ልሰርና ልሂድ።