ከፍሪጄ ስለተገኘችው ቡናማ ጠርሙስ፣ ለቤቶች አስተዳደራችን ኃላፊ

ለተከበሩ የሕንፃችን የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባተርሲ፣ ለንደን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ መሥሪያ ቤትዎም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ቢሮዎ ቀዝቀዝ ያለ፣ መስኮቱም የሚከፈት እንዲሆንልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። በአማርኛ ደብዳቤ ከጻፍኩ ግን ስለቆየሁ፣ ፊደሉ ቢጣመም ንቀት ነው ብለው እንዳይወስዱብኝ አደራ እላለሁ።

ደብዳቤውን በአማርኛ መጻፌ ድፍረት አይደለም። ከእርስዎ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ግርጌያቸው ላይ «በሌላ ቋንቋ ከፈለጉ ይንገሩን» የሚል መስመር አላቸው። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳነበው ኖሬ አንድም ቀን አልተጠቀምኩበትም፤ ዛሬ ተጠቀምኩበት። አስተርጓሚ ሲፈልጉ የሚባክነውን ጊዜ፣ እኛ የእርስዎን ምላሽ ስንጠብቅ ከባከነው ጋር ያቻችሉልኝ። ቅጂውንም ጎረቤቶቼ እንዲያነቡት ሊፍቱ አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

ስሜ እታለማሁ ዘውዴ ይባላል። እናንተ ዘንድ የምታወቀው በስድስተኛ ፎቅ ቁጥር አርባ ሦስት ነው። ባለቤቴ አቶ ኃይለልዑል ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ልባቸው ስላስቸገራቸው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳሉ። እኔ ስልሳ አምስት ሞልቶኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሂትሮው አጠገብ የአውሮፕላን ምግብ በሚሰናዳበት ኪችን ሠርቼ ያተረፍኩት፣ ሁለት የታመሙ ጉልበቶችና ማንኛውንም ነገር ቀን ሳልጽፍበት ፍሪጅ ውስጥ ያለማስገባት አመል ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሙቀቱ አመሰግናለሁ። የሕንፃው የሙቅ ውሃ ቧንቧ በኪችናችን ካቢኔት ጀርባ እንደሚያልፍ ያውቃሉ፤ በሚያዝያ ሪፖርት ሳደርግ፣ አቤቱታዬን የምከታተልበት ሪፈረንስ ቁጥር ሰጥተውኛል። በግንቦት ደወልኩ፣ ሌላ ሪፈረንስ ቁጥር ተሰጠኝ። በሰኔ ሦስተኛ ቁጥር ተጨመረልኝ። ሐምሌ ሲገባ፣ ማሞቂያ ሳንከፍት፣ ቤታችን ሠላሳ አንድ ዲግሪ ደረሰ። ሦስቱን ቁጥሮች በጥንቃቄ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ሙቀት ያላበላሸው እነሱን ብቻ ነው።

ሙቀቱ ከጠርሙሷ ጋር ምን አገናኘው ይሉ ይሆናል። ለጉልበቴ ሲቢዲ የሚባል ዘይት ጠብታ ጠብታ እያደረግሁ እወስዳለሁ። ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ነገር ግን የማያሰክር፣ በዚህ ሀገር በየሱቁ መደርደሪያ በግልጽ የሚሸጥ ዘይት ነው። ከመጀመሬ በፊት ሐኪሜን ጠየቅሁ። ቀጥሎም ከመንገዱ ማዶ ፋርማሲ የምትሠራውን፣ እዚሁ ለንደን የተወለደች የሀገራችንን ልጅ ሶፊያን ጠየቅሁ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ብርሃንና ሙቀት አይወድም» አለችኝ። «ክዳኑን ግጥም ያድርጉት። ጠርሙሱ ቡናማ የሆነው ብርሃን እንዳያገኘው ነውና ሌላ ዕቃ ውስጥ እንዳይገለብጡት። ጋሼ ደግሞ በፍጹም እንዳይነኩት፤ ከደም ማቅጠኛቸው ጋር አይስማማም፣ ኦኬ?»

የመጀመሪያዋን ጠርሙስ ካቢኔቱ ውስጥ አስቀመጥኳት። በሦስት ሳምንት ጠቆረች፤ ሽታዋም የከረመ የመጥበሻ ዘይት ሆነ። ሁለተኛዋን ወደ መታጠቢያ ቤት ብወስዳት እንፋሎቱ አገኛት፤ ወደ መኝታ ቤት ባዞራት በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ አገኛት። ሶፊያ ይህን ስትሰማ «ቤቱ እንደዚህ ከሆነ ፍሪጅ ይሻላል» አለችኝ። «ዘይቱ ሊረጋ ይችላል፣ አይደንግጡ። ከመውሰድዎ በፊት እጅዎ ውስጥ ትንሽ ያቆዩት።» እኔም ሦስተኛዋን ጠርሙስ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ከትቼ፣ ከፍሪጁ በር ራቅ አድርጌ፣ ታችኛው መደርደሪያ ጥግ አስቀመጥኳት። ዕቃው ላይ በትልልቁ «የተከፈተው ሐምሌ 1። የእታለማሁ። ኃይሌ እንዳትነካ» ብዬ ጻፍኩበት። የሥራ ዘመኔ አለቆች ቢያዩት ባመሰገኑኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉብኝቱ አመሰግናለሁ። ሠራተኛዎ ሚስተር ቲቶ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ቼክ ሊያደርግ መጣ። ጫማውን በደንብ ጠርጎ ነው የገባው፤ ይህን ሳልመሰክርለት አላልፍም። ማስጠንቀቂያው ጣሪያ ላይ ነበር። እሱ ግን ፍሪጁን ከፈተ። ምን ፈልጎ እንደከፈተው አልጠየቅሁትም፤ የባለሥልጣን እጅ ሲዘረጋ መጠየቅ ያልለመድኩ ሴት ነኝ። ዕቃውን አውጥቶ ጠርሙሷ ላይ ያለውን የቅጠል ሥዕል አየና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ለጉልበቴ ነው» አልኩት።

«ሁሉም ለጉልበቴ ነው የሚለው» ብሎ ፈገግ አለ፤ ፎቶ አነሣና መልካም ቀን ተመኝቶልኝ ወጣ።

በዘጠነኛው ቀን ደብዳቤዎ ደረሰኝ። በቤቴ ውስጥ «የተከለከለ ዕፅ ነው ተብሎ የተጠረጠረ ንጥረ ነገር ተከማችቶ» መገኘቱን፣ የኪራይ ውላችን እየተገመገመ መሆኑን፣ ጉዳዩም ለሚመለከታቸው አካላት ሊተላለፍ እንደሚችል ገልጸውልኛል። «ተከማችቶ» በሚለው ቃል ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ግማሽ የማትሞላ ዘይት ይዤ መጋዘን ያለኝ ያህል ተሰማኝ።

ከዚህ በኋላ ቀልዱ ይበቃኛል። ክቡርነትዎ ፍርሃትን የሚያውቁት እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እኔ የማውቀው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአሰሳው ጊዜ ነው። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጎረቤት ሲፈተሽ ስንሰማ እናቴ የወንድሜን ደብተሮች ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው። የሒሳብ ደብተሮች ነበሩ። ሒሳብ መሆናቸውን እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን፤ የሚመጡት ሰዎች ግን ምን ብለው እንደሚያነቧቸው ማንም አያውቅም ነበር። ደብዳቤዎን ይዤ ኪችኔ ውስጥ ስቆም እናቴን ሆንኩ።

ሦስተኛ ብዬ የምጽፈው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ብቻ አይደለም፤ በራሴም ላይ ነው። ወደ ሶፊያ መሄድ ሲገባኝ አልሄድኩም። ዘይቱን ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። ዋናዋን ጠርሙስና የጻፍኩበትን የፕላስቲክ ዕቃ በፌስታል ቋጥሬ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ማንም የማያውቀኝ መንገድ ላይ ካለ የቆሻሻ ገንዳ ጣልኩ። ሽሮፑን መኝታ ቤት ከመድኃኒቶቻችን መሳቢያ ከተትኩት፤ መድኃኒት መሃል ያለ መድኃኒት ማን ያየዋል ብዬ። ለባለቤቴ ምንም አልነገርኳቸውም፤ ልባቸው እንዳይደነግጥ ብዬ። ከዚያ ወዲያ ሊፍቱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ በቆመ ቁጥር ትንፋሼን እይዝ ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እኔ ዕቃ ሳጥብ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ተጣሩ። ጉንፋን ይዟቸው ሰንብቷል።

«እታለም! ይሄ ሽሮፕ ሣር ሣር ይላል፤ ቀኑ አልፎበታል መሰለኝ።»

ውሃውን ሳልዘጋ ሮጥኩ። «ስንት ወሰድክ?»

«ሁለት ማንኪያ። ምነው?»

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ስልኩ ፊት ለፊቴ ነበር። አላነሣሁትም። ብደውል ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ይመዘግባል፤ ከተመዘገበ እርስዎ ዘንድ ይደርሳል፤ ከዚያ በዚህ ዕድሜያችን ወዴት እንወድቃለን ብዬ አሰብኩ። ዘይት ነው፣ ምንም አያደርጋቸውም አልኩ። ሶፋ ላይ አስቀምጬ ፊታቸውን እያየሁ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ አሉ። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ተነሡ፤ ላግዝህ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ሲወድቁ ሰማሁ። ግንባራቸው የእጅ መታጠቢያውን ጠርዝ መትቶት ነበር። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደም እንዴት እንደሚወርድ አይተው ያውቃሉ? ፎጣ እደርባለሁ፣ ፎጣው ይርሳል፤ ሌላ እደርባለሁ። «ኃይሌ! ኃይሌ!» እላለሁ፤ ዓይናቸውን ከፍተው መልሰው ይከድናሉ።

የዚያን ጊዜ ደወልኩ።

ሁለት የአምቡላንስ ባለሙያዎች መጡ። አንደኛው፣ ኋላ እንደነገረኝ፣ ባፈና ይባላል። «ዛሬ ከሌላው ቀን የተለየ ነገር ወስደዋል?» ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። «ኖ» አልኩ። የደም ግፊታቸውን ለክቶ እንደገና ጠየቀኝ። «ኖ» አልኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረውኝ የኖሩት ባለቤቴ እግሬ ሥር ተኝተው፣ እኔ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። ስማቸውን እየጠራሁ በአማርኛ ሳለቅስ ሲሰማ ባፈና፣ ለካ የሀገራችን ልጅ ኖሯል፣ አጠገቤ ተንበረከከና በተሰባበረ አማርኛ፣

«እትዬ፣ እኛ ቤት ለመፈተሽ አይደለም የመጣነው። ምን እንደወሰዱ ካላወቅን በትክክል መርዳት አንችልም። ፕሊስ» አለኝ።

ነገርኩት።

«ሲቢዲ? ሱቅ የሚሸጠውን? ስንት?»

«ሁለት ማንኪያ።»

«እሺ። ከደም ማቅጠኛው ጋር ስለሆነ ለሆስፒታሉ አሁኑኑ እነግራለሁ። ግን ለምን ደበቁት?»

ደብዳቤዎን ከሹራቤ ኪስ አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበው፣ በታጠፈበት አጠፈው፣ መለሰልኝ። ሲያነበው ያየሁትን ፊቱን አባሪ አድርጌ ልልክልዎ በወደድኩ፤ በፖስታ የሚላክ አልሆነልኝም።

ባለቤቴ ጭንቅላታቸው በማሽን ታየ፤ ከውስጥ ደም አልፈሰሰም ተባለ። ግንባራቸው በሰባት ስፌት ተሰፍቶ፣ ደማቸው እየተለካ ሁለት ቀን ተኝተው፣ ሰኞ ቤታቸው ገቡ። ዳኑ። ነገር ግን አሁን ማንኛውንም መድኃኒት ከመዋጣቸው በፊት ጠርሙሱን ወደ እኔ ዘርግተው «ይሄ ራሱ ነው?» ይሉኛል። ሳይቆጡ ነው የሚጠይቁኝ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር።

በመጨረሻም ስለ ሁለተኛው ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ። በሳምንቱ የደረሰኝ ይህ ደብዳቤ፣ ዕቃው ሕጋዊ መሆኑ እንደተረጋገጠና ፋይሉ እንደተዘጋ ይገልጽና፣ «ነዋሪዎች እንዲህ ያሉ ምርቶችን ቀዝቃዛ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ እንዲያስቀምጡ እንመክራለን» ብሎ ይደመደማል። ምክርዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። እንዲህ ያለ ቦታ በሕንፃችን ውስጥ የሚያውቁ ከሆነ የቤት ቁጥሩን ይላኩልኝ። እስከዚያው አዲሷን ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ፣ በራሷ ክዳንና በራሷ ስም፣ በሁለት ቋንቋ ተጽፎባት አስቀምጫታለሁ። እሷ በደንብ ተቀምጣለች። እኔ ነኝ ያልተቀመጥኩት፤ የፍሪጁን በር በከፈትኩ ቁጥር ከኋላዬ ሰው የቆመ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ።

የምለምንዎ ትንሽ ነው። ቧንቧውን ያሠሩልን። ሠራተኛዎ ከመክፈቱ በፊት ይጠይቅ። እርስዎም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጊዜ ስልክ ይደውሉ፤ እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ ከፈራሁ ደግሞ ቀስ ብዬ እችላለሁ።

ሕይወቴን በሦስት ሪፈረንስ ቁጥሮች ስላስተካከሉልኝ ምስጋናዬ የላቀ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ የሰፋ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
እታለማሁ ዘውዴ
ያልተከለከለ ዕፅ አከማች፣ ቁጥር አርባ ሦስት

ማስታወሻ፦ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት አቶ መዝገቡ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የስኳር በሽታ አለባቸው። ለፊታችን ሐሙስ የጉብኝት ቀጠሮ እንደያዙላቸው ነገሩኝ። ኢንሱሊናቸውን ከነመርፌው ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ትናንት በራችንን አንኳኩተው፣ ሚስተር ቲቶ እስኪሄድ ድረስ የት ብደብቀው ይሻላል ብለው ጠየቁኝ። ካለበት እንዳያነሡት ለመንኳቸው። እሺ አላሉኝም።