ከቱቦው በፊት የነበረ ኩርፊያ

ሰኞ

ዛሬም የባሌን ቱቦ ዘግተው ድምፁን አልሞከሩም። ነገ አሉ።

ጌታሁን አንገቱ ላይ በተበሳች ቀዳዳ፣ በቱቦ መተንፈስ ከጀመረ ሁለት ወር አለፈው። የነርቭ በሽታው ከእግሩ ተነሥቶ ደረቱን ሲይዘው ነው ያስገቡለት። አየሩ ከጉሮሮው በታች ስለሚወጣ ድምፅ የለውም። ወፍጮ ቤት ከሞተሩ በላይ ይጮህ የነበረ ባሌ አሁን የሚያወራኝ በዐይኑ ነው።

የሚያሳፍረኝንም ልጻፈው። ሲታመም ተኳርፈን ነበር። እናቱን ከደጀን አምጥተን ጉንደ ወይን እኛ ቤት ትኑር አለ፤ እኔ እምቢ አልሁ። እንደተኳረፍን ወደቀ። ድምፁ ይናፍቀኛል፣ እፈራዋለሁም።

ማክሰኞ

ልብስ አጥቤ ስመለስ ክፍሉ ተተራምሷል። እማማ፣ አማቴ፣ ጠበል አፉ ውስጥ ጠብ አድርገውለታል። ገና መዋጥ አይችልም፤ ምግቡ እንኳ የሚገባው በአፍንጫው ነው። ጠበሉ ወደ ሳንባው ሄደ። በአንገቱ እየተንደቀደቀ ወጣ፣ ፊቱ ጠቆረ። ሲስተር ትዕግሥት አክታ መምጠጫውን ይዛ ባትደርስ ኖሮ እንጃ።

እማማ ጥግ ቆመው «ጠበል ሰው ይገድላል እንዴ?» ይላሉ። እኔ የረጠበውን አንሶላ ቀየርሁ።

ሲመሽ አተኮሰው።

ረቡዕ

ትኩሳቱ አለ። መድኃኒት ጀመሩለት። ቱቦውን የመዝጋቱ ሙከራ ቀረ።

ዶክተሩ፣ ሲስተር ትዕግሥትና የፊዚዮቴራፒው ዮናስ አልጋው አጠገብ ተሰበሰቡ። ለየብቻ አይወስኑም። ዶክተሩ ስለ ሳንባው፣ ዮናስ ስለ ጉልበቱ፣ ሲስተር ስለ አክታው ይናገራሉ፤ ከዚያ እኔን ይጠይቁኛል። መጠየቅ ደስ ይላል።

ዛሬ የጠየቁኝ ግን ስለ እማማ ነው። ሲስተር ከእንግዲህ አንድ አስታማሚ ይበቃል አለች። ዮናስ «እናቱንም እናስተምራቸው፤ ሁለት ሰው ቢያውቅ ይሻላል» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ እበቃለሁ» አልሁ።

ጌታሁን ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። የተኛ መስሎኛል።

ሐሙስ

እማማን መናኸሪያ ወስጄ አሳፈርኋቸው። ዝናብ። ነጠላቸው ርሷል። «ሲሻለው ላኪብኝ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ የሠራሁት፦ አክታ መምጠጥ፣ ሲስተር አጠገቤ ቆማ። ማገላበጥ። ጣቶቹን ማሠራት። ሽንት ቤት ገብቶ ማልቀስ። ዮናስ ጎበዝ አለኝ። ጌታሁን ግን አያየኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

ቅዳሜ

ትኩሳቱ ለቀቀው። ሲስተር «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ትላለች። እኔ ድግሱን እስካሁን አላየሁትም።

አሁንም ግድግዳውን ነው የሚያየው።

ሰኞ

ዶክተሩ ሳንባውን አዳምጦ እንሞክር አለ። ሲስተር አክታውን መጠጠች፣ ቱቦውን ከውስጥ የያዘችውን ትንሽ ፊኛ አስተነፈሰች። ዮናስ ቀና አድርጎ ደገፈው። እኔ ጓንት አደረግሁ። አየር ሲስብ መተው፣ ሲያስወጣ የቱቦውን አፍ በጣቴ መድፈን።

መጀመሪያ ሳል ብቻ። ቀጥሎ ድምፅ መጣ። የተሰነጠቀ ነው፣ የእሱ አይመስልም።

«እማዬስ?»

ዮናስ ሳቀ። ሲስተር እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ጣቴን አነሣሁ።

«ቤት ሄዱ» አልሁት።

መልሼ ደፈንሁት።

«የማን ቤት?»

ረቡዕ አልተኛም ነበር ማለት ነው። ሁሉንም ሰምቷል። ሦስቱ ምኑንም አያውቁ፣ ደስ ብሏቸው ያዩኛል። ጣቴን ባልመልሰው ዝም እንደሚል አውቃለሁ። ማንም አይፈርድብኝም፤ ደከመው ብል ያምኑኛል። መለስሁት።

«አምጫት» አለ።

እሺ አልሁ። ወደ ሆስፒታሉ ይሁን ወደ ቤታችን አልጠየቅሁትም፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ የእማማ ጎረቤት ጋ ደወልሁ። ስልኩ ዝግ ነው። ነገ ጧት እሞክራለሁ። እሳቸው ደግሞ በተራቸው እምቢ ቢሉኝስ?