የእንድርያስ ቅዳሜዎች

ጥቅምት 7፣ 1996፣ ቅዳሜ
ዝናቡ ዛሬም አላባራም። ያልደረቀ ጀንፈል ቡና አልገዛም ብዬ ሦስት ሰው መለስኩ። ከሰዓት በኋላ ከሱቄ ጀርባ ያለውን አዳራሽ ዳንስ እንዲያስተምርበት ለእንድርያስ ከፈትኩለት። የማስተማሪያው ገንዘብ የሱ፣ ሻይና ለስላሳው የኔ። ሰው ሞላ። አብዛኛው የአማን ከተማ ነርስና አስተማሪ ነው።

እንድርያስ በልጅነቱ ኩባ ተልኮ እርሻ የተማረ ነው። ይሠራበት የነበረው የቡና እርሻ ሠራተኛ ሲቀንስ እሱንም ቀነሰው። አሁን ያለው አንድ ካርቶን ካሴትና እግሩ ነው። ከተማው «ኩባው» ይለዋል።

ጥቅምት 14
ዛሬ እኔንም አስነሳኝ። ሳልሳ... «ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ...» እያለ በስፓኒሽ ይቆጥራል። እግሬ እሺ ይላል፣ እጄ ግን እሱን ይጎትታል።

«እማዋይሽ፣ ወዴት ወስደሽ ልትሸጪኝ ነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም።

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እጄን እንዲህ የያዘ የለም። ይህን ለምን እጽፋለሁ?

ሻይ ስንጠጣ ስለ ሀቫና አወራኝ። ባሕሩ የዳርቻውን ግንብ ዘሎ አስፋልቱን ያጥባል አለ። ሰዉ ማታ ማታ ግንቡ ላይ ይቀመጣል... አንዱ ጊታር፣ አንዱ ከበሮ፣ ያጣ ባዶ ጠርሙስ ይዞ። ሙዚቃ የማይወጣበት መስኮት አልነበረም አለ። ለመስማት ይከፈላል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

ጥቅምት 30፣ ሰኞ
የሱቄ ስልክ የሰፈሩ ሁሉ ስልክ ነው። ለሰው ሲደወል አስጠራለሁ፤ ካጣሁት መልእክቱን ጽፌ መስታወቱ ላይ እለጥፋለሁ። የማንንም አስቀርቼ አላውቅም።

ዛሬ የደወለው ተረፈ ይባላል፣ ከእንድርያስ ጋር ኩባ የተማረ። አዲስ አበባ የዳንስ ትምህርት ቤት ከፍቷል። ለእንድርያስ ደመወዝም ማደሪያም አዘጋጅቶለታል። እስከ ኅዳር አስር ካልመጣ ግን ሌላ ሰው ይቀጥራል። «አደራ እናቴ፣ ዛሬውኑ ይድረሰው» አለኝ። እሺ አልኩ።

ወረቀቱን ጻፍኩ። አልለጠፍኩም።

እሱ ከሄደ አዳራሹ ባዶውን ይቀራል። ማን ያስተምራል? ቅዳሜዬ ይሞታል። ነገ እነግረዋለሁ...

ኅዳር 3
አልነገርኩትም።

ኅዳር 5
አዲስ እርምጃ አሳየን። ደስ ብሎት ነበር። «አንቺ ባትኖሪ ዛሬ ሸኮ ወርጄ የሰው ቡና እለቅም ነበር» አለኝ። እራት አልበላሁም።

ኅዳር 11
ቀኑ አለፈ። ወረቀቱን ከሰሉ ላይ ጣልኩት። ያለቀ ነገር አለቀ።

ታኅሣሥ 6
እንድርያስ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ተረፈ ነው የጻፈለት። ለምን ዝም አልከኝ፣ ስልኩን ያነሳችው ሴት አደርሳለሁ ብላኝ ነበር ይላል። ሱቁ ውስጥ ሀጂራ ነበረች፣ ጎረቤቴ፣ ጨርቅ ሻጯ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ደውሎ ነበር?»

«ደውሎ ነበር።»

«ረስተሽው ነው?»

አዎ ብዬው ቢሆን ያምነኝ ነበር። ፊቱ አዎ በይኝ እያለ ይለምነኛል። አልረሳሁትም አልኩት። ስንት ዓመት በገበያ የዋሸሁ ሴት፣ ዛሬ ምን ነካኝ?

ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «አትሂድ ብትዪኝ እኮ እቀር ነበር» አለ። ቀስ ብሎ። ወጣ።

ሀጂራ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ምንም አልልሽም አለችኝ፤ ልጇ ከጅዳ ሲደውል ግን ከእንግዲህ በሌላ ሱቅ ነው።

ታኅሣሥ 20
እንድርያስ ቱም ከተማ ወርዷል አሉ። ለአንድ ነጋዴ ማር ይመዝናል። ካሴቶቹን ለተማሪው ለነርሷ ለሜሮን ትቶላታል። መስታወቴ ላይ አንድም ወረቀት የለም። ስልኩ ለኔ ካልሆነ አይጮህም።

ጥር 15፣ ቅዳሜ
ሜሮን አዳራሹን ይስጡኝ ብላ ለምናኝ ነበር። ዛሬ ጀመረች። ቆጠራዋ ይፈጥናል፣ ግን ታስተምራለች። ከድሮው የበለጠ ሰው መጣ፤ በሩ ላይ የቆሙም ነበሩ። ለስላሳው ሳይመሽ አለቀ።

«እትዬ፣ እርስዎም ይነሱ እንጂ» አለችኝ። ወገቤን ያመኛል አልኳት።

ወረቀቱን ያልለጠፍኩት ለአዳራሹ ብዬ ነው ስል ነበር የከረምኩት። ያለሱም ሞላ። እንግዲያ ለአዳራሹ አልነበረም... አትሂድብኝ ማለት አፍሬ ነው።