ነገ የሌላት ልብስ ሰፊ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13
ከንጋት እስከ አምስት ሰዓት ዝናብ። ጉሬዛዎቹ ዋንዛው ላይ ሲጯጯሁ ነቃሁ። ቂጣ በማር በላሁ። ሌላ… አዲስ ነገር የለም።

ሃያ ስምንት ዓመት ቡና ማጠቢያው ጥበቃ ሆኜ በየፈረቃው መዝገብ ላይ ስጽፍ የኖርኩት ይህንኑ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ አዲስ ነገር የለም። ጡረታ ስወጣ ያልተነካ መዝገብ ተርፎ ነበር። አለቃዬ «ይውሰዱት ጋሼ ዲበኩሉ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ይጽፍበታል» አለኝ። ይዤው መጣሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ምስክር ወረቀቴ ግድግዳው ላይ አለ፣ ከወለተ ማርያም ፎቶ ጎን። ሚስቴ ካረፈች አራት ዓመቷ። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ አልዋሸም። አንድም አዲስ ነገር የለም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15
ደህናው ሱሪዬ ከኋላው ተተረተረ። አጥር ስዘል። በሰባ ዓመቴ! ያ ድምፅ የሌለው የኤሌክትሪክ ባጃጅ እኮ ነው፣ ጀርባህ ላይ እስኪደርስ አይተነፍስም። ሾፌሩ ወርዶ «ተጎዱ እንዴ አባባ?» አባባ! ጋሼ አይልም?

ለሸዋንግዛው አሳየሁት። ጎረቤቴ ነው፣ አብሮ አደጌ፣ አፉ የማያርፍ።
«ተጂቱ ዘንድ ውሰደው። ግን ከአሁኖቹ ጋር ገብታለች፣ ጠንቀቅ በል።»
«ምን ታደርገኛለች?»
«እኔ ምን አውቃለሁ።»

አሁኖች የሚባሉት ሶር ፏፏቴው አጠገብ የሚሰበሰቡት ናቸው። ትናንት የለም፣ ነገም የለም፣ ያለው አሁን ብቻ ነው ይላሉ። ሰዓት አያስሩም። ቀን አይቆጥሩም። ስለ ትናንት ወይም ስለ ነገ ያወራ ሰው ይጨበጨብበታል፣ ልቡ እስኪመለስ በአንድ እግሩ ይቆማል። የዘንድሮ ሰው ሥራ አጣ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16
ከየት ልጀምር?

ሌላኛው ሱሪ ታጥቦ አልደረቀም፣ በዚህ ዝናብ የት ይደርቃል። የተቀደደውን እንደለበስኩ ጋቢ ደርቤ ሄድኩ። ተጂቱ ከገበያው በላይ በረንዳዋ ላይ ነው የምትሰፋው። ስድሳ ቢሆናት ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጅም ወንድምም የላትም።

«ለመቼ ይደርሳል?» አልኳት።
«መቼ የሚባል የለም ጋሼ። ያውልቁትና ይቀመጡ።»
«ምኑን?»
«ሱሪውን። ነገ ይምጡ የምልበት ነገ የለኝም። አሁን እሰፋዋለሁ፣ አሁን ለብሰውት ይሄዳሉ።»
«እዚህ? መንገድ ዳር?»
«ጋቢ ለብሰዋል እኮ። ታኣ፣ ይቀመጡ።»

በሁለት ቋንቋ አስቀመጠችኝ። መቱ ውስጥ ስንት ልብስ ሰፊ አውቃለሁ፣ ሁሉም «ነገ ና» ነው። ነገ ስትሄድ «ነገ»። ለፋሲካ የሰጠኸው ለመስቀል ይደርሳል። ይህቺ ግን… ሁለት ሰዓት ሙሉ በርጩማ ላይ፣ ጋቢዬን በሁለት እጄ ጨብጬ። ሸዋንግዛው ደግሞ ማለፍ አለበት!

«አንተ ዲበኩሉ! ዕድሜህን ሙሉ የሰው ንብረት ጠብቀህ ሱሪህን ማን ወሰደብህ?»

ተጂቱ ሳቀች። ማሽኑ ቆመ፣ ሳቋ አልቆመም። ተናድጄ ነበር… ከዚያ እኔም ሳቅሁ። ድምፁ የኔ አልመስል አለኝ። ከሳቅሁ ከርሜአለሁ።

ሱሪው ከአዲስ ይበልጣል።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18
ስፌቱን ደጅ ወጥቼ በብርሃን አየሁት። ሳብኩት። አይበጠስም። ምነው ትንሽ እንኳ…

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20
የሌላኛው ሱሪዬ ስፌት ተፈታ። በራሱ ነው።
(በመቀስ ነው።)

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21
ለብሼው ሄጄ እዚያው አወለቅሁት። አገላብጣ አየችው። «ጋሼ፣ ይህን ምን ነካው?»
«አይጥ ነው።»
«መቀስ ያላት አይጥ?»
ክብሬን ጠብቄ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

ጋቢዬን ጨብጬ እንደተቀመጥኩ ጠየቅኋት። ለምን ገባሽ አልኳት፣ እንደ አንቺ ያለች ሴት። ማሽኑን እየረገጠች ነው የነገረችኝ፣ ቀና ሳትል። ባሏ ወደ ቡሬ ሲሄድ «ነገ እመጣለሁ» አላት። እራቱን ከድና ጠበቀች። መኪናው ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ነገ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ለማንም ቀን ሰጥታ አታውቅም። ስድስት ዓመት!

«ሰፈሩ ሁሉ አበደች ሲለኝ ነበር። አሁኖቹ መጡና ጎበዝ አሉኝ።» ይህን ብላ ድንገት አፏን ያዘች። «ይኸው፣ ትናንትን አወራሁ!» ተነሥታ በአንድ እግሯ ቆመች፣ መርፌ በአፏ ይዛ። ምን ልሁን? እኔም ቆምኩላት። ጋቢዬ ሊወድቅ ነበር።

ከዚያ ደስ የማይል ነገር ሰማሁ። አሁኖቹ ቤታቸውን ትተው ሶር ሊገቡ ነው፣ ሁሉም፣ ለዘለቄታው።
«መቼ?»
«መቼ የለም አልኩዎት እኮ። ስንነሣ እንነሣለን።»

ይህ ማለት ዛሬም ሊሆን ይችላል። አሁንም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24
ገባሁ። አዎ፣ እኔ። ሸዋንግዛው ይሳቅ።

ሶር ድረስ ሄድኩ፣ ከመንገዱ በኋላ በእግር፣ በጭቃ። መሪያቸው ፋኦል የሚባል ሠላሳ የማይሞላው ልጅ ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ቀጠሮ በቀጠሮ ሆኖ ራሱን ያዞረው፣ ከዚያ ሁሉን ትቶ የመጣ። ክፉ ልጅ አይደለም። እጄን ያዘና፣
«አሁን ነዎት?» አለኝ።
«ከመቱ ነኝ።»
«አይደለም። አሁን ነዎት?»
«ታዲያ የት እሄዳለሁ?»
ሁሉም እልል! ትልቅ ነገር ተናገረ አሉ። አንዷ አለቀሰች። ሁለት ዓመት የቆዩት ያልደረሱበት ላይ ደርሷል አሉ። እኔ የገባኝ ነገር የለም፣ ግን ራሴን ነቀነቅሁ። ተጂቱ አየችኝ።

የትናንት ዕቃ ጣል ተባልኩ። ከቤት ይዤው የሄድኩትን የግድግዳ ካላንደሬን ፏፏቴው ውስጥ ጣልኩ። መዝገቡን ግን… ማን ይነግራቸዋል? ፍራሽ ሥር ነው።

አሁን
አሁን ተቀምጫለሁ። አሁን ይዘንባል። አሁን ቂጣ በላሁ። አሁን ጨረስኩ። እና?

አሁን
ይህ ከላይኛው በፊት ነው በኋላ? ጠፋኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ሳልዘል! አይሆንም። ሸዋንግዛውን በአጥር ጠራሁት።
«ዛሬ ምንድን ነው?»
«ለምን? አሁን አይደለህ?»
«ንገረኝ አንተ ሰው!»
ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29 ነው። ጻፍኩ። ማንም አያይም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5
ሆዴን አመመኝ በሳቅ።

አሁኖች ቀጠሮ ስለሌላቸው ጉባኤያቸው ሞልቶ አያውቅም። ግማሹ ሲመጣ ግማሹ ይሄዳል፣ ፋኦል ከጠዋት እስከ ማታ ይሰብካል፣ ጉሮሮው ተዘግቷል። ዛሬ ግን ዝናቡ ሁላችንንም አንድ ዳስ ውስጥ ሰበሰበን። ፋኦል ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ነገ የሚባል ሌባ ነው…» ሲል ከኪሱ ውስጥ የሴት ድምፅ ወጣ። ስልኩ ነው። ቁልጭ ባለ አማርኛ፣ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለዎት። ቁርስ አይብሉ።»

ሁሉም ወደ ኪሱ አየ።

አንዲት አሮጊት ማጨብጨብ ጀመረች። ሁሉም ተከተለ። ምስኪን፣ በአንድ እግሩ ቆመ፣ ጉንጩን ይዞ። «ያመኛል እኮ» አለ። ተጂቱ ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋ ወረደ፣ ክንዴን ያዘች። ክንዴን!

ስንመለስ «ሲያመው ግን ይሂድ» አለችኝ። «ጥርስ ነገም ያማል።» ከዚያ በራሷ ጊዜ በአንድ እግሯ ቆመች። እኔም። ጭቃ ላይ፣ መንገድ መሃል፣ ሁለት አዛውንት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7
ለሸዋንግዛው ነገርኩት። ሽማግሌ ልልክባት ነው።
«ለራስህ?»
«ለአንተ ልላክ?»
ከሳቁ ሲመለስ ዘዴዬን አስረዳሁት። ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን መልስ አያገኝም፣ ከጥንት ያለ ነው። «እንምከርበት፣ ለሳምንት ተመለሱ» ይባላል። እንደገና ይመለሳሉ፣ እንደገና ይባላሉ። በእኔ ዕድሜ ይህ ይቻላል? ተጂቱ ግን ሳምንት የላትም! ተመለሱ ማለት አትችልም። እዚያው፣ በቆሙበት፣ ቁርጡን ትናገራለች።
«ጎበዝ» አለ። ከዚያ፣ «እዚያው እምቢ ብትልስ?»
…ይህን አላሰብኩትም።

እሁድ፣ ግንቦት 10
ከቅዳሴ በኋላ መቃብሯ ዘንድ ሄጄ ለወለተ ማርያም ነገርኳት። ሁሉንም። መቀሱንም። ትናንትን ስላወራሁ በአንድ እግሬ ቆሜ ነው የነገርኳት። ዲያቆኑ አይቶኝ መንገድ ቀየረ። እሷ ብትሆን ምን ትል ነበር? «ሱሪህን በገዛ እጅህ?» ብላ ትስቃለች፣ ከዚያ «በል ሂድ፣ ቀዝቃዛ ቂጣ እስከ መቼ ትበላለህ።» ትላለች። አውቃታለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13
ተጂቱ ማሽኑን በላስቲክ ሸፍናዋለች። በገመድ አስራዋለች።
«ምነው?»
«ፋኦል ተነሡ ካለ እንነሣለን። እሱ እዚህ ይቀራል።»
«ማሽኑ?»
«አሁን እዚህ ነው» አለች። ግን በላስቲኩ ላይ መንኮራኩሩን ታሻሸዋለች፣ እንደ ጥጃ ጀርባ።

አትሂጂ ልላት ነበር። አንዲት ቃል። ሃያ ስምንት ዓመት በር ላይ ቆሜ ያለ ወረቀት ማንንም አላሳለፍኩም፣ ይህቺንም ቃል አላሳልፍ አልኩ። «ደህና ዋይ» ብዬ መጣሁ። አሮጌ ጅል።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ይሂዱ። ከዚያ በፊት ከተነሱ… አልጽፈውም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16
ሦስት ሰዓት ላይ ሄዱ። ሸዋንግዛው፣ ኦቦ ጭምዴሳ፣ ደቅሲሳ። ኦቦ ጭምዴሳ ጆሮው ደከም ያለ ነው፣ ግን በአካባቢው እሱ ያልሸመገለው ጋብቻ የለም። እኔ አጥሩ ዘንድ ቆምኩ። ተቀመጥኩ። ቆምኩ። እምቢ ካለች ጋቢዬን ተከናንቤ ዳሪሙ ያለችው እህቴ ዘንድ እገባለሁ አልኩ፣ ሰው እንዳያየኝ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ቀስ ብለው። ሸዋንግዛው መሬት መሬት ያያል።
«ምን አለች?»
«ውሃ ስጠን መጀመሪያ።»
«ሸዋንግዛው!»
«ዘዴህ አልሠራም። እንደ ማንም መለሰችን።»
«እንዴት እንደ ማንም?»
«የመጣንበትን ተናገርን። የማሽኑን ገመድ ፈታች፣ መልሳ አሰረች። ከዚያ፣ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ አለችን።»
«ምን አለች?»
«ቅዳሜ ተመለሱ። ኦቦ ጭምዴሳ አልሰማሁም ሲላት በኦሮምኛ ጮክ ብላ ደገመችለት፣ ሰንበተ ዱራ ብላ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።»
«በአፏ?»
«በምኗ ትበል ታዲያ?»
«በአንድ እግሯ ቆመች?»
«የምን እግር ነው? በሁለቱም ነው የቆመችው!»

ኦቦ ጭምዴሳ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «አይዞህ፣ አይክፋህ። ያለ ነው፣ ሽማግሌ ይመላለሳል።»

አይክፋህ! አቀፍኩት። ሸዋንግዛውን አቀፍኩት። ደቅሲሳ ሸሸ፣ ተከትዬ አቀፍኩት። ለስድስት ዓመት ለማንም ቀን ያልሰጠች ሴት ለእኔ ቅዳሜ ሰጠችኝ። ለእኔ! እነሱ ምን ያውቃሉ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19
በበረንዳዋ በኩል አለፍኩ። ላስቲኩ ተነሥቷል። ማሽኑ ይሄዳል።

ለቅዳሜ እንዲያምሩ ሁለቱንም ሱሪዎች ሰጠኋት፣ እግራቸው እንዲያጥር። ስለ ሽማግሌዎቹ እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ። ወግ ነው። በርጩማው ላይ ልቀመጥ ስል፣
«የት ይቀመጣሉ? ሥራ አለብኝ።» ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «ነገ ይምጡ።»

ረቡዕ፣ ግንቦት 20
ሄድኩ። አልነካችውም። «ነገ።»

ሐሙስ፣ ግንቦት 21
«ነገ።» እንደ መቱ ልብስ ሰፊ ሁሉ! መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ መጣሁ። የባጃጁ ሾፌር «ደህና ነዎት አባባ?» አለኝ። ደህና ነኝ ልጄ አልኩት።

ዓርብ፣ ግንቦት 22
አሁኖቹ ዛሬ ጠዋት ተነሥተው ሶር ገቡ። ሲያልፉ ተጂቱ ዘንድ ነበርኩ፣ ሱሪዬን ልጠይቅ ሄጄ። ፋኦል በረንዳው ሥር ቆመ። ጥርሱ ተነቅሏል፣ ጉንጩ ጎድሏል።
«አሁን ነዎት?» አላት።
«አሁንም አለሁ። ቅዳሜም አለሁ።»
ልጁ አጨበጨበባት፣ ሕጉ ነውና። እሷ ግን እግሯን አላነሳችም፣ መልሳ አጨበጨበችለት። ሳቀ። እኔንም ጨብጦኝ ሄደ።

ሱሪዎቹ አልደረሱም። ጠዋት ይምጡ ብላለች፣ ማን ያምናታል። ሽማግሌዎቹ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሲሄዱ እኔ በጥበቃ ዩኒፎርሜ ሱሪ፣ ጉልበቱ በነጣው፣ አጥሩ ዘንድ ቆሜ መጠበቄ ነው። ይሁን። ልምዱ አለኝ።

እጄ ለምዶበት ከታች «አዲስ ነገር የ» ብሎ ጀምሮ ነበር። ሰርዤዋለሁ።